ነጥቧ የማን ናት?

ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የሒሳብ መምህር የአርባ ተማሪዎች የቤት ሥራ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ገባ። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ አንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና አንድ ቁጥር በጣቱ ነካ።

«ይቺ ነጥብ የማን ናት?»

ቁጥሩ 1.800 ይላል። ሁለተኛ ወረቀት አወጣ፤ 1.800። ሦስተኛውም፣ አሥረኛውም፣ ሠላሳኛውም ያው ነው። ትክክለኛው መልስ 1800 ነበር። ማሽኑን ከፈትኩት። መስታወቱ ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል የቀለም ጠብታ ደርቃለች። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። የአንድ ጎበዝ ተማሪ ወረቀት እኔ ዘንድ መጥቶ ተባዝቷል፤ ጠብታዋ 1 እና 8 መሀል አርፋ ነጥብ መስላለች፤ የቀሩት ልጆች ደግሞ ነጥቧን በክብር ተቀብለው እያንዳንዳቸው በእጃቸው ገልብጠዋታል። ነጥቧ የእኔ ናት።

ጥያቄው የካልኩለስ ጥያቄ ነው፤ ያልተማረውም ሰው ይረዳዋል። አንድ ገበሬ 120 ሜትር የአጥር ሽቦ አለው። መሬቱን በአንድ በኩል ወንዝ ያዋስነዋል፤ በዚያ በኩል አጥር አያስፈልግም። በቀሩት ሦስት ጎኖች አራት ማዕዘን ቦታ ቢያጥር፣ ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? እንግዲህ 1.8 ካሬ ሜትር ማለት የአንድ ሰው ፍራሽ ነው። 120 ሜትር ሽቦ ገዝቶ፣ ተሸክሞ፣ ወንዝ ዳር ወርዶ አንድ ፍራሽ የሚያጥር ገበሬ በወለጋ ምድር አይገኝም። ከአርባው ልጅ ግን «ኧረ ይሄ ነገር!» ያለ አንድም አልነበረም።

መምህሩና እኔ እስኪበቃን ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። መስታወቱን በአልኮል ወለወልኩት።

ሱቄ ነቀምቴ ነው፤ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ። ከተማዋን ዙሪያዋን አቅፎ የያዘው የጉቶ ጊዳ ወረዳ ልጆችም፣ ከጊምቢም ከሻምቡም ከአርጆም የሚመጡትም፣ አውቶቡስ ሲጠብቁ እኔ ጋ ያርፋሉ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከተማችን የሀንድአውት ከተማ ሆናለች፤ እኔም የምኖረው በእሱ ነው። የተመረቅኩት በሒሳብ ነው። አስተማሪ ልሆን አስቤ ነበር፤ ኑሮ ወደ ቶነርና ወደ ወረቀት ወሰደኝ። ልጆቹ ግን የሰማ ሰው ነግሯቸው «ባርሲሳ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ለኮፒው ይከፍሉኛል፤ ለጥያቄው አልቀበልም። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ጥያቄውን ብቻ ይዞ የመጣን ልጅ አላስተናግድም። የሞከረበትን ወረቀት፣ የተሰረዘውን፣ የተቀደደውን፣ ያፈረበትን ይዞ ይምጣ።

ይህን ሕግ ያወጣሁት በደግነት አይደለም። የሌላ ሰው ጥያቄ ከባዶ ጀምሮ መሥራት ይደክማል፤ ደግሞም ለልጁ ምንም አይተውለትም።

የወንዙን ጥያቄ በተመለከተ፣ ከነጥቧ ወሬ በኋላ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ከኡኬ መጣ። መልሱ 1800ም 1.8ም አልነበረም። 900 ብሎ ጽፏል። የሞከረበትን ሳየው ሥራው ንጹህ ነው፤ ዴሪቬቲቩም ትክክል፣ ስሌቱም ትክክል። 120ውን ለአራት አካፍሎ ጎኑ 30 በ30 የሆነ ቦታ አውጥቷል።

«ወንዙንም አጠርከው እንዴ?» አልኩት።

ወረቀቱን ቀና አድርጎ የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ አነበበው። በወንዙ በኩል አጥር አያስፈልግም የምትለዋን ሐረግ ዘሏት ነበር። ካልኩለሱን ያውቀዋል፤ ያደናቀፈው እንግሊዝኛው ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን በኦሮምኛ ተምሮ 9ኛ ክፍል ላይ በአንድ ክረምት ሁሉ ነገር ወደ እንግሊዝኛ የዞረበት ልጅ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይነበባል፣ ክርክሩ በኦሮምኛ ይሆናል፣ ማጠቃለያው በአማርኛ ይመጣል፤ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በአማርኛ «ገባኝ» እንላለን። ኦሮምኛውም «ናፍ ገሌ» ይላል፤ ያው መግባት ነው፤ ቤቱ እንደሚገባ ሰው። ሁለቱም ቋንቋ እውቀትን ከውጭ መጥቶ ደጃፍ የሚያንኳኳ እንግዳ አድርገው ያዩታል። በሩን የሚከፍተው ግን ባለቤቱ ነው።

ልጁ ወንዙን ከአጥሩ አውጥቶ እንደገና ሠራው፤ 1800 መጣ። ሊሄድ ሲነሳ ያዝኩት። «ለምን ዴሪቬቲቩን ዜሮ አደረግከው?» አልኩት። «እንዲህ ነው የሚሠራው» አለኝ። ይቺን መልስ ስሰማ ቶነሩ ያለቀ ይመስለኛል።

አስቀመጥኩትና ቁጥሮቹን አብረን ደረደርን። ከወንዙ ወደ ውስጥ የሚገባው ጎን 10 ሜትር ቢሆን፣ በሁለቱም በኩል ስለሚገባ 20 ሜትር ሽቦ ይሄዳል፤ ለረጅሙ ጎን 100 ይተርፋል፤ ስፋቱ 1000። ጎኑ 20 ቢሆን 1600። 30 ቢሆን 1800። 40 ቢሆን ተመልሶ 1600። 50 ቢሆን 1000። ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት እንደወረደ ሰው ነው። እስቲ ወደ አናቱ እንጠጋ አልኩት፤ 29 ላይ 1798፣ 31 ላይም 1798። አናቱ አጠገብ አንድ ሜትር ሙሉ ብትንቀሳቀስ የምታጣው ሁለት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ዳር ላይ ግን፣ 10 እና 20 መሀል፣ እያንዳንዷ ሜትር በአማካይ ስድሳ ካሬ ሜትር ታስገኛለች። ዴሪቬቲቭ ማለት ይሄው ነው፤ አንድ እርምጃ ስትራመድ ምን ያህል ትወጣለህ ወይም ትወርዳለህ የሚለው። አናቱ ላይ መውጣቱ አልቋል፣ መውረዱ አልተጀመረም። ስለዚህ ዜሮ ነው።

«ታዲያ ዜሮ በሆነ ቁጥር አናት ነው ማለት ነው?» አለኝ። ጥያቄውን ወደድኩት። ወደ ጊምቢ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከነቀምቴ ተነስቶ መኪናው ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይለወጣል፤ ድልድዩ ላይ መንገዱ ለጥ ይላል፤ ከዚያ መውጣት ይጀምራል። ድልድዩም ላይ ዜሮ ነው። ተራራው አናት ላይም ዜሮ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከየት እንደመጣህና ወዴት እንደምትሄድ ማየት አለብህ። መጽሐፉ ይህን በሁለት መስመር ቀመር ጽፎታል። የጊምቢን መንገድ የሚያውቅ ልጅ ግን ቀመሩን ለመሸምደድ አይቸገርም።

እኔ ራሴ የ«እንዲህ ነው የሚሠራው» ልጅ ነበርኩ። 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተተከለበት ሰሞን። ያላየው ትውልድ አይረዳውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን በሳተላይት የመጣ ትምህርት ያስተላልፋል፤ መምህራችን መግቢያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ አለው፤ መሀሉ የስክሪኑ ነው። አቅራቢዋ ፈጣን የባዕድ እንግሊዝኛ ትናገራለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ «ጎበዞች!» ብላ መልሱን ራሷ ትሰጠናለች። እኛ ገና «ምን አለች?» እያልን ነን። እጅ ብታወጣ ማን ያይሃል? መብራት የጠፋ ቀን ነበር የምንማረው፤ መምህራችን ጠመኔ ያነሳና «የት ጋ ነው የጠፋችሁ?» ይላል።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ከቤቴ ርቄ። እዚያ ካልኩለስ ማለት ኤሊስ እና ጉሊክ ነው፤ የሁለት አሜሪካውያን መምህራን ወፍራም መጽሐፍ፣ የአገራችን የሒሳብ ተማሪ ሁሉ ጠረኑን የሚያውቀው። ላይብረሪው ውስጥ ሪዘርቭ ተይዞ በሰዓት ነው የሚሰጠው። የመልሶቹ ገጽ፣ ከኋላ ያለው፣ ከሌላው ሁሉ በላይ ወይቦ ነበር። እኔም አንዱ አዋያቢ ነኝ። መልሱን እያየሁ ወደ ኋላ መሥራት ለመድኩ፤ የቤት ሥራዬ ሁልጊዜ ልክ ነው። ፈተናው ሲመጣ ዲ አገኘሁ።

ያዳነኝ ዶርም ውስጥ ከላይኛው አልጋ የሚተኛ ሲኒየር ነው። ስጠይቀው መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። «የት ላይ ቆምክ?» ብቻ ይላል። የቆምኩበትን መስመር ካሳየሁት አንድ ነገር ጠቁሞኝ ይተኛል። ያኔ ጠልቼው ነበር።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም የመጀመሪያው የካልኩለስ መማሪያ መጽሐፍ የሚባለው የወጣው በ1696 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ነው፤ ጸሐፊው ሎፒታል የሚባል ባላባት ነው። ይህ ሰው አስጠኚ ቀጥሮ ነበር፤ ዮሐን በርኑሊ የሚባል የባዝል ወጣት። መጽሐፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት በተጻፈ ደብዳቤ ሎፒታል በዓመት 300 ሊቭር ሊከፍለው ቃል ገብቷል፤ በርኑሊ ጥያቄዎችን እንዲፈታለት፣ ግኝቶቹንም ለሌላ ሰው እንዳያሳይ። ዛሬ ፍሬሽማን ሁሉ «ሎፒታል ሩል» እያለ የሚሸመድደው ሕግ የበርኑሊ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የቤት ሥራ ያሠራ ሰው ስሙ ከሠራው ሰው በላይ ሲጠራ የመጀመሪያው ጊዜ አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም። ለሎፒታል ግን አድልቼ አንድ ነገር ልበል። ሰውየው የገዛውን ነገር ተረድቶታል፤ መጽሐፉን ግልጽ አድርጎ ጽፎታል። ከአርባው ልጅ ይሻላል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ወደኛ የቀረበ ነው። ዛሬ በየደብተሩ የምንስላት የኢንቴግራል ምልክት፣ ያቺ እንደ እባብ የቆመች፣ የላይብኒዝ ናት። በ1675 እ.ኤ.አ. ነው የጻፋት፤ በላቲን ድምር ማለት የሆነው ቃል የሚጀምርበትን ፊደል ወደ ላይና ወደ ታች ስቦ። ይህ ላይብኒዝ ስለ ቋንቋዎች ለዓመታት ደብዳቤ ከተጻጻፋቸው ሰዎች አንዱ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ጀርመናዊ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ነበር የሚያውቀው። ሮም ላይ በ1649 እ.ኤ.አ. ከአማራ ምድር የመካነ ሥላሴ ሰው ከሆኑት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ ሄደው በቃል መለሱለት። መጽሐፍ ያላስረዳውን ቃል ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ጠየቃቸው። ካልኩለስን ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የአማርኛ ሰዋስው የጻፈ ወዳጅ ነበረው ማለት ነው፤ ያ ወዳጅ ደግሞ እውቀቱን ያገኘው ሳያፍር በመጠየቅ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አያምኑኝም።

ወደ ሱቄ ልመለስ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ አካባቢዎች ኢንተርኔትና ስልክ ሲቋረጥ፣ ጊምቢ ያለች አንዲት ተማሪ ደብተሯን በሚኒባስ ረዳት ትልክልኝ ነበር። ፖስታው ላይ «ለፎቶ ኮፒው ባርሲሳ» ይላል። መልሱ ደርሶ እስኪመለስ ሦስትም አራትም ቀን ይፈጃል። ታዲያ ጥያቄ አላባከነችም። የቆመችበትን መስመር ታሰምርበታለች፣ ለምን እንደቆመች በሁለት ዐረፍተ ነገር ትጽፋለች፣ የጠረጠረችውንም ትጨምራለች። አንድ ቀን የመጣው ደብተር ላይ ጥያቄው ተጽፎ ተጽፎ መጨረሻው ላይ «ተወው ባርሲሳ፣ ስጽፍልህ ገባኝ» ይል ነበር። እንዲያም ሆኖ ላከችው። ረዳቱ ሒሳቡን ተቀብሏላ!

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ሲዘጋ ደግሞ ልጆቹ ቪፒኤን ተማሩ። ከካልኩለስ ይልቅ ቶሎ ገባቸው።

አሁን ሁሉም እጅ ላይ ስልክ አለ። ጥያቄውን በካሜራ ታነሳዋለህ፣ ከነእርምጃው ይፈታልሃል። ፎቶማዝ የሚባለው ክሮኤሺያ ውስጥ ተሠርቶ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ እነ ቻትጂፒቲ ከመጡ ወዲህ ደግሞ በወሬ መልክ ያስረዳሉ። ሰዎች እኔ የምጠላቸው ይመስላቸዋል። አልጠላቸውም፤ ማታ ማታ እኔም እጠይቃቸዋለሁ። ከሻምቡ የመጣች አንዲት ፍሬሽማን ስልኳን አሳየችኝ። መልስ አልጠየቀችም። የራሷን አምስት መስመር ጽፋ «ስህተቱ ስንተኛው ላይ ነው? አታርመው፣ ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ» ብላዋለች። ሦስተኛው ላይ ነው አላት። ልክ ነበር። የእኔን ሲኒየር ኪሷ ውስጥ አስገብታዋለች። ሌላ ልጅ ያንኑ ስልክ ይዞ የአንድ ሙሉ ወርክሺት መልስ በሩብ ሰዓት ይገለብጣል፤ ስልኩ አንዳንዴ የመቀነስ ምልክት ጥሎ በሙሉ ልብ ሲሳሳት፣ እሱም አብሮ በሙሉ ልብ ይሳሳታል። የእኔ ጠብታ አሁን ስልክ ውስጥ ገባች።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ካልኩለስ ላይ አይደለም፤ ይህን አስጠኚ የሚቀጥሩ ወላጆች ቢያውቁት ደስ ይለኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በየሰፈሩ አስጠኚ ተፈላጊ ሆነ። ብዙዎቹ «ካልኩለሱን አስጠናልኝ» ይላሉ። ልጁን ሳስቀምጠው የተቸገረው ክፍልፋይ መደመር ላይ ነው። የሁለት ቁጥሮች ድምር ስኩዌር ሲባል እያንዳንዱን ስኩዌር አድርጎ ይደምራል፤ 3 እና 4 ሲደመሩ 7፣ ስኩዌሩ 49 መሆኑን ያውቃል፤ በፊደል ሲመጣበት ግን 9 እና 16 ደምሮ 25 ይላል። ይሄ የ9ኛ ክፍል ነገር ነው፤ ሦስት ዓመት ተደብቆ ኖሮ ዴሪቬቲቭ ሲመጣ ብቅ ይላል።

ካልኩለስ ራሱ የሚያደናቅፍበት ቦታም አለ። ቼይን ሩል አንዱ ነው። ሦስት ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ሙሉው አምስት ጊዜ በራሱ የተባዛ፤ ዴሪቬቲቩ ሲጠየቅ ልጆቹ አምስቱን ወደ ፊት ያወርዱና፣ በላዩ አራት ያደርጉና ይሄዳሉ። ውስጥ ያለችው ሦስት ተረስታለች። እኔ ብስክሌት እስልላቸዋለሁ። ነቀምቴ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት፤ ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር አትታይባትም፤ ግን ሁሉም ያውቃታል። ፔዳሉን አንዴ ስታዞር ካቴናው ጎማውን ሦስት ጊዜ ያዞረዋል እንበል። ጎማው አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ይሄዳል። አንዴ ብትረግጥ ስንት ትሄዳለህ? ስድስት ይላሉ ሳያመነቱ። ታዲያ ቅድም ሦስቷን ትታችሁ ለምን ሄዳችሁ? ካቴናውን ረሳችሁት። ቼይን ማለት ካቴና ነው። አንዱ ተጫዋች «ባርሲሳ፣ ካቴና የሚያስረው ሌባ አይደለም እንዴ?» አለኝ። የገለበጠ ሰው ይታሰርበት አልኩት።

የኡኬው ልጅ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ወረቀቱን አስቀመጠ፤ የወንዙ ጥያቄ ነው፤ 1800 ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ኮፒ ሊያደርግ የመጣ መስሎኝ ማሽኑን አበራሁ።

«ባርሲሳ፣» አለኝ፣ «ጥያቄው ወንዙ ቀጥ ያለ ነው ይላል። እኛ አገር ቀጥ ያለ ወንዝ የለም። አንገርም ይታጠፋል። ሲታጠፍስ?»

ማሽኑን አጠፋሁት። ወረቀቱን ተቀብዬ ጎንበስ ያለ መስመር ሳልኩበት፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ፤ ከዚያ ወደ ውጭ የታጠፈ ሌላ ሳልኩ። እንዴት ያለ መታጠፍ ነው? ገበሬው ቀጥ ያለ ሽቦ ነው የሚዘረጋው ወይስ ወንዙን ይከተላል? ልጁ ለሁለቱም መልስ ነበረው። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ።

«ወረቀቱን ተወው» አልኩት።

እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ የቆምኩበትን መስመር አስምሬበታለሁ።